የኤተሪ የቃል ጽሕፈት

ሴፕቴምበር 14፣ የመስቀል ዕለት

ጻፊ። ስሜ ዚሲስ ነው፣ ግንበኛ ነኝ፣ ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው። "ነበርኩ" አትበይ፤ "ነኝ" በይ። ግንበኛ መዶሻውን ቢሰቅልም ግንበኛ ነው።

ይህ ደብተር የእኔ ሐሳብ አይደለም፤ የዚች የምትጽፈው ሴትዮ ሐሳብ ነው። ኤተሪ ትባላለች። አገሯ ጆርጂያ፣ ከተማዋ ኩታይሲ። ልጄ ሚልቶስ አቴና ሆኖ ነው የቀጠራት፤ ሾርባ እንድትሠራልኝ፣ ምድጃውን እንድታነድልኝ፣ ከደረጃው ተንከባልዬ እንዳልሞት እንድትጠብቀኝ። እዚህ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በአገሯ ግን ሐኪም ናት። አሥራ አራት ዓመት ሕፃናት ስታክም ኖራለች። እዚህ ለማከም እንደገና መፈተን አለባት፤ በእኛ ቋንቋ፣ በእጅ ጽሑፍ። ንግግሩን ከእኔ ተማረችው፤ ስድቡን ከቡና ቤት። እጇ ግን ሲጽፍ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ትናንት እንዲህ አለችኝ፤

"አባባ፣ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍ። ልክ እንደ ትምህርት ቤት የቃል ጽሕፈት።"

"ምን ልናገር?"

"ቀንዎን። የዋሉበትን።"

"የእኔ ቀን ሾርባና ሳል ነው።"

"እሱኑ።"

እንግዲህ እሱኑ። ራሴ እጽፈው ነበር፤ ዓይኔ ነው የከዳኝ። ዛሬ በእኛ አቆጣጠር መስቀል ነው፤ ቄሱ በሶብላ አደሉ። ሾርባው ጨው አንሶት ነበር። ምን ያስቅሻል? ይሄንንም ጻፊ፤ ሳቀች።

ሴፕቴምበር 18

ጠረጴዛዬን በወረቀት ሸፍናዋለች። ዳቦ ጋጋሪ እንኳ ሊጡን ይህን ያህል አይዘረጋም።

ነገሩን እንደገባኝ ልናገር፤ ብሳሳት አርሚኝ። መጀመሪያ ዲፕሎማው ይተረጎማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ በማኅተሙ ላይ ሌላ ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ በየትምህርቱ ስንት ሰዓት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች የሚናገር ዝርዝር ይመጣል፤ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት የተቀመጠችውን! ከዚያ የቋንቋ ፈተና፤ እሱን በሜይ አልፋለች። ከዚያ ፋይሉ አቴና ይገባል፤ በጁን አስገብታለች። አሁን የምትጠብቀው ደብዳቤ ነው። ፋይሉ ሙሉ ከሆነ ለኖቬምበሩ ፈተና ይጠሯታል፣ ቀጣዩ በሜይ ነው፤ የጎደለ ካለም ይነግሯታል። ስልክ አይደውሉም። የአደራ ደብዳቤ ነው የሚልኩት፣ ክብ ማኅተም ያለበት። ማኅተሙን አሳይታኛለች። እኔ አንዴ ያየሁትን ምልክት አልረሳም፤ በድንጋይ ላይ የጠራቢውን ምልክት አይቼ የማን እጅ እንደሆነ የምናገር ሰው ነኝ።

ፈተናው አምስት ነው። የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ማህፀንና ጽንስ፣ ሕፃናት፣ መድኃኒት። ሴፕቴምበርን ለቀዶ ሕክምናው መድባለች፤ ኦክቶበር ሙሉውን ለመድኃኒቱ። የሚከብዳት እሱ ነው አለች፤ ስሙም መጠኑም ሕጉም እዚህ ሌላ ነው።

"አሥራ አራት ዓመት ሕፃን ያከመችን ሴት ስለ ሕፃን ይፈትኗታል!" አልኩ። "እኔን ግንብ ሠርተህ አሳየን ቢሉኝ መዶሻውን ነበር የምወረውርባቸው።"

"አባባ፣ ከሌላ አገር የመጣ ሐኪም ልጄን ላክም ቢለኝ፣ እኔም መጀመሪያ ይፈተን ነው የምለው።"

አሸነፈችኝ። መሸነፍ አልወድም። ጻፊው ግን።

ሴፕቴምበር 21

ቡና ቤት ዋልኩ። የቡና ቤቱ ባለቤት ቫይዮስ ጋዜጣውን እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ አነበበ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ለራሱ ማንበብ አቅቶት እንደ ዲያቆን ይጮሃል። ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ አይሰማም።

ባለፈው ሳምንት ትንሿ የልጅ ልጁ ታማበት እቤቴ ይዟት መጥቶ ነበር። ደረቷ ያፏጭ ነበር። ኤተሪ ከሩቅ ቆማ አየቻት፣ እስትንፋሷን አዳመጠች፤ እጆቿን ግን ከኋላዋ አጣምራ ያዘች። "አሁኑኑ ያኒና ከተማ ሆስፒታል ውሰዷት፤ ነገ አትበሉ" ብቻ አለች። ወሰዷት፤ ዳነች። ዛሬ ቡና ቤት ውስጥ አንዱ እንዲህ ሲል ሰማሁት፤ "ምን ዓይነት ሐኪም ናት? እጇን ከኋላዋ አጥፋ ትቆማለች።" ፈቃድ ሳይኖራት ሕፃኗን ብትነካ ፋይሏ እንደሚቃጠል ደንቆሮው አያውቅም። ነገርኩት። "ደንቆሮ" የሚለውንም ነገርኩት።

ሌላው ደግሞ "ፈቃዷን ያገኘች ዕለት እኮ አንድ ሌሊት አታድርም" አለ። "አያ ዚሲስ፣ አንተም ሾርባ መሥራት ብትለምድ ይሻልሃል።"

ብትሄድ ትሂድ። ከእሷ በፊት ሁለት ነበሩ። አንዷ ቀን ከሌት ታለቅስ ነበር፣ ሌላዋ ቴሌቪዥኑን እያስጮኸች ታንኮራፋ ነበር። ሁለቱም ሄዱ፤ እኔ አለሁ። ሚልቶስም በስልክ "ሌላ ሴት እንፈልጋለን፣ አባዬ" ብሎኛል። ሴት እንደ ጫማ!

ሴፕቴምበር 24

ፖስተኛው ግሪጎሪስ መጣ። አንቺ ገበያ ነበርሽ። ምንም አላመጣም። ጻፊ፤ ምንም አላመጣም።

ዛሬ አጭር ነው። ደክሞኛል። ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በቅዱስ ኒቆላዎስ ሥዕል ሥር ያለውን የዘይት መብራት የማበራው እኔ ነኝ። አይ፣ ምክንያት የለውም። የቤቴ ቅዱስ የእኔ ቅዱስ ነው።

ሴፕቴምበር 27

ግሪጎሪስን ልትጠይቀው መንገድ ላይ ጠበቀችው። ዕረፍት ወጥቷል፣ ልጁ ጋ ቮሎስ ሄዷል። የተካው ሰው የማንንም ቤት አያውቅም።

"እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ካልመጣ ምን ማለት ነው?" አልኳት።

"ረስተውኛል ማለት ነው፤ ወይ ፋይሌ ከአንድ ጠረጴዛ ሥር ወድቋል ማለት ነው።"

"ቢረሱሽስ?"

"ሜይን እጠብቃለሁ።"

ክረምቱ እዚህ ይከብዳል። መንገዱ ይዘጋል። ሰው ብቻውን ክረምቱን ከያዘ ከማገዶው ጋር ማውራት ይጀምራል፤ አንዱን ጎረቤቴን አውቃለሁ። ይሄን ለምን እንዳልኩ እንጃ። ሰርዢው። ጻፍሽው? እሺ፣ ይቅር።

ኦክቶበር 2

ዝናብ። የአደንጓሬ ሾርባ። ጥሩ ነበር። ስለ ደብዳቤ አልጠየቀችም።

ኦክቶበር 3

ጠየቀች።

ኦክቶበር 6

ልጇ ደወለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከኤተሪ እህት ጋር ነው የምትኖረው። ቋንቋቸውን አልሰማም፤ ግን ድምፅ እሰማለሁ። ኤተሪ አዳመጠች።

"ምን ትላለች?"

"መቼ ነው የምትመጪው ትላለች።"

"ምን አልሻት?"

"ካለፍኩ በኋላ አመጣሻለሁ አልኳት። ሐኪም ሆኜ ቤት ተከራይቼ። ባለፈው ዓመትም ይሄንኑ ነው ያልኳት።"

ስለ ግንብ ልናገር። ስለ ሌላ ነገር መናገር አልፈልግም ዛሬ። ግንብ ሁለት ፊት አለው፤ የውጭና የውስጥ። መሃሉን በትንንሽ ድንጋይ ነው የምትሞይው። ሰነፍ ግንበኛ መሃሉ ላይ የበሰበሰ ድንጋይ ይጥላል፤ ማን ያየዋል? ፊቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ውሃ ልኩ ያምራል፣ ባለቤቱ ይመርቀዋል። ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ ግንቡ ሆዱ ይነፋል። እኔ በስድሳ ዓመት ሥራ አንድም ሆዱ የተነፋ ግንብ የለኝም። አንድም። ይሄን በትልቁ ጻፊው።

ኦክቶበር 10

ጮህኩባት። አቧራ ልጥረግ ብላ ወደ ሥዕሉ እጇን ሰደደች፤ "አትንኪ!" ብዬ ጮህኩ። መወልወያው ከእጇ ወደቀ። እናቴ እንኳ እንዲህ ስጮህ ብትሰማኝ በማማሰያ ነበር የምትመታኝ።

አልጽፍም ካለች ትተወው ብዬ ነበር። ይኸው ትጽፋለች። "ጮህኩባት" ያልኩትን ሳትሳሳት ጻፈችው፤ ጽሑፏ እየፈጠነ ነው።

ኦክቶበር 14

ዛሬ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው። አንድ ቃል እንዳትዘይ። እስክጨርስም እንዳትነሽ። ፈተና ላይም ቢሆን አትነሽም አይደል?

ጻፊ። ሴፕቴምበር ሃያ አራት ቀን ግሪጎሪስ ደብዳቤ አምጥቶ ነበር። ነጥብ። የአደራ ደብዳቤ ነበር። "ለዶክተርዋ ነው፣ ከአቴና" አለኝ። እኔም ምልክቴን አድርጌ ተቀበልኩ። ማኅተሙን አየሁት፤ ክብ ነበር፣ አንቺ ያሳየሽኝ ነው። ነጥብ። አልሰጠኋትም።

ለምን ቆምሽ? "አልሰጠኋትም" ብለሽ ጻፊ።

እሺ። ደብዳቤው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ሥዕል ጀርባ ነው። ሃያ ቀን እዚያ ነበር። በየማታው መብራቱን ሳበራ አየዋለሁ። ምን እንደሚል አላውቅም። መጥፎ ነገር ይሆን ጥሩ ነገር አላውቅም፤ ለእኔ ሁለቱም አንድ ነበር። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ሾርባ ስለምትችይ ነው።

አደራ በላሁ። ነጥብ። ጨረስኩ። አሁን መነሳት ትችያለሽ።

ኦክቶበር 15

ዛሬ አትመጣም ብዬ ነበር። መጣች። ደብተሩን ዘርግታ "ቀኑን ይንገሩኝ" አለች።

እንግዲህ የትናንቱን ልናገር። "መነሳት ትችያለሽ" ካልኳት በኋላ ነጥቡን አስገብታ፣ እስክሪብቶውን ገጥማ ተነሳች። ሥዕሉን ተሳልማ ከጀርባው ደብዳቤውን አወጣች። ቆማ አነበበች። በጣቷ ቆጠረች። "አሥር ቀን" አለች።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ትሑት ሴት አይደለችም፤ ሥጋ ሻጩ ላይ ስትጮህ ሰምቻታለሁ። እኔ ላይ ግን አልጮኸችም። ሾርባዬን አቅርባልኝ ወደ ክፍሏ ገባች።

ደብዳቤው የሚለው ይህን ነው። ፋይሏ አንድ ወረቀት ጎድሎታል። በአገሯ በሐኪምነቷ ተቀጥታ እንደማታውቅ፣ ፈቃዷም እንዳልተነጠቀ የአገሯ መንግሥት የሚመሰክርበት ወረቀት። አንድ አስገብታ ነበር፤ ግን የሦስት ወር ዕድሜ ብቻ ነው ያለው፣ ፋይሉ ሲንከባለል ጊዜው አልፎበታል። አዲስ ወረቀት፣ ዋናው፣ ማኅተም ያለበት፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ። ካልሆነ ኖቬምበር የለም።

ሠላሳ ቀን ሰጧት። ሃያውን እኔ ወሰድኩባት።

ኦክቶበር 19

እህቷ ወደ ትብሊሲ ወጥታ ወረቀቱን ጠይቃለች። ሦስት ቀን ይፈጃል። ኤተሪ ስልክ ላይ ናት፤ የመድኃኒት መጽሐፏ ተከፍቶ አንድ ገጽ ላይ ቆሟል። ሰኞም እዚያው ገጽ ላይ ነበር። ማንበብ ባ... ዓይኔ ባያይም የገጹን ሥዕል አውቀዋለሁ፤ ኩላሊት ነው።

ዛሬ ሌላ የምለው የለም።

ኦክቶበር 22

ወረቀቱ ወጥቷል። በአውቶቡስ ተልኳል።

ጆርጂያዎች ለዘመዶቻቸው ዕቃ የሚልኩት በአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከኩታይሲ ተነስቶ ቱርክን አቋርጦ ተሰሎንቄ ይገባል። ሹፌሩ ቲሙሪ ይባላል። የሁሉም እናት እሱን ታውቀዋለች። አይብ ይጭናል፣ የተቀመመ በርበሬ ይጭናል፣ የሠርግ ልብስ፣ የሙት ዓመት ፎቶ፤ አሁን ደግሞ የኤተሪን ወረቀት በሁለት የጃም ማሰሮ መሃል።

"ለምን በፖስታ አልላከችውም?" አልኩ።

"ፖስታ ይጠፋል። ቲሙሪ ጠፍቶ አያውቅም።"

ኦክቶበር 23

ቲሙሪ ድንበር ላይ ቆሟል። አይቡን እየፈተሹበት ነው። ነገ ሠላሳኛው ቀን ነው።

ቁልቁል ከተማው ውስጥ፣ የማዘጋጃ ቤቱ የዜጎች አገልግሎት ቢሮ ውስጥ የምትሠራው ሩላ የክርስትና ልጄ ናት። ኤተሪ ደወለችላት። ሩላ እንዲህ አለች፤ ደብዳቤውን ሌላ ሰው ተቀብሎ ካልሰጣት፣ ያ ሰው ራሱ ቀርቦ በሕግ ፊት የኃላፊነት ቃል ከፈረመ፣ አቴና ያሉት ሠላሳውን ቀን ደብዳቤው እጇ ከገባበት ቀን ሊቆጥሩላት ይችላሉ። ሊቆጥሩ ይችላሉ እንጂ ይቆጥራሉ አላለችም።

"ያ ሰው" እኔ ነኝ።

"ካልፈለጉ አይምጡ፣ አባባ" አለችኝ። "ሜይን እጠብቃለሁ።"

ነጩን ሸሚዝ ተኩሺልኝ አልኳት።

ኦክቶበር 24

ብዙ ነው የምናገረው። እጅሽ ከደከመ ንገሪኝ።

ቫይዮስ በመኪናው ወሰደን። ግሪጎሪስም ከዕረፍት ተመልሶ ነበር፤ አብሮን ገባ፤ ከመንደር እስከ ከተማ ድረስ ሳያቋርጥ ዘለፈኝ።

"በእጅህ ሰጥቼህ! ለዶክተርዋ ነው ብዬህ! ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሳድል አንድ ደብዳቤ ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ የጠፋው አንድ ደብዳቤ ከቅዱስ ኒቆላዎስ ጀርባ!"

"አልጠፋም" አልኩት። "የት እንዳለ አውቅ ነበር።"

"በል በል፣ ድንጋይ ጠራቢ!"

ሩላ አስቀመጠችን። ቅጹን አወጣች። መፈረም የማይችል ሰው ሲሆን ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነበር ሁለቱ የመጡት። እኔ ግን "መፈረም የማይችል" የሚለውን ገና አልተናገርኩም ነበር። ይሄን ልብ በይ። ማንም ሳይጠይቀኝ ሁለት ምስክር ተጠርቷል።

ሩላ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የክርስትና አባቴ፣ እንዲህ ብለን ብንጽፈውስ፤ 'ማንበብ ስለማልችል የደብዳቤውን ምንነት አላወቅሁም፤ አስቀምጬ ረሳሁት።' ለሁሉም ይቀላል።"

"ማንበብ እንደማልችል ማን ነገረሽ?"

ሩላ ቅጹን አስተካከለች። ቫይዮስ ጣሪያውን አየ።

"አያ ዚሲስ" አለ ግሪጎሪስ፣ "ቫይዮስ ጋዜጣውን እንዲያ የሚጮኸው ለማን መሰለህ? ለድመቱ?"

ፊቴ እንደ ምድጃ ጋለ። ሠላሳ ዓመት! በየጠዋቱ! እኔ ደግሞ ዝም በል ስለው። ቫይዮስ አሁንም ጣሪያውን እያየ "ድምፄን ስለምወደው ነው" አለ። ውሸታም።

ከዚያ ወደ አንቺ አየሁ። በሩ አጠገብ ቆመሽ ነበር፣ ወረቀቶችሽን ታቅፈሽ። አንቺም ታውቂ ነበር፤ አይደል? አትመልሺ። ጻፊ ብቻ።

"ሩላ" አልኩ፣ "ማንበብ እንደማልችል ጻፊ። እውነት ነው፤ ትምህርት ቤት የሄድኩት ግንቡን ልሠራ ነው። ግን ረሳሁት አትበይ። ምንነቱን አላወቅሁም አትበይ። አውቄ ደበቅሁት በይ።"

"ለእሷ እኮ ሁለቱም አንድ ነው፤ ሁለቱም ይጠቅሟታል" አለች ሩላ። "ለእርስዎ ግን አንድ አይደለም። የሰው ደብዳቤ አውቆ መደበቅ ያስቀጣል።"

"ይቅጣኝ። አለማንበቤ ስንት ነገር ሸሽጎልኝ ኖሯል፤ ይሄን ግን እሱ አልሠራውም። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

ጻፈች። አነበበችልኝ። ምልክቴን አደረግሁ፤ በስድሳ ዓመት ድንጋይ ላይ የቀረጽኩትን፣ ሁለት ሰረዝና አንድ መዶሻ። ምስክሮቹ ፈረሙ። የግሪጎሪስ ፊርማ እንደ ትል ነው የሚጠማዘዘው፤ ማንበብ የሚችል ሰው ፊርማ እንዲህ ከሆነ የእኔ ይሻላል።

ቤት ስንገባ ኤተሪ ኮቴን ተቀበለችኝ፣ ሰቀለችው፣ ከዚያ "ነጩ ሸሚዝ ያምርብዎታል" አለች።

ኦክቶበር 26፣ የቅዱስ ድሜጥሮስ ዕለት

ቲሙሪ ተሰሎንቄ ገባ። ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጦ ከተማዋ በምታነግሥበት ዕለት! ቢሮ የለ፣ ፖስታ የለ። ከነገ ወዲያ ደግሞ የአገሪቱ በዓል ነው። ወረቀቱ እዚያ ተቀምጦ የሰልፍ ሙዚቃ ይስማ።

ኤተሪ በመጀመሪያው አውቶቡስ ልታመጣው ሄደች። ይህን ሄዳ ከተመለሰች በኋላ ነው የምናገረው። የጃም ማሰሮውንም አምጥታለች። የአገሯ ፕለም ነው። እንደ ምስማር ይጎመዝዛል። ሁለት ማንኪያ በላሁ።

ኦክቶበር 29

ሁሉም ተላከ። ወረቀቱም፣ የእኔም ቃል። ተላከ።

ኖቬምበር 6

ደወሉ! ስልክ የማይደውሉት ደወሉ። ቀኑን ደብዳቤው እጇ ከገባበት ቆጠሩላት። ፈተናው በዚህ ወር በሃያ አምስተኛው ቀን ይጀምራል፣ አቴና።

ለእኔ ምንም አልመጣም፤ የሚቀጣኝ እስካሁን የለም። ግሪጎሪስ "እስር ቤት ሾርባ በነፃ ነው" ይለኛል።

የመድኃኒቱ መጽሐፍ ከኩላሊቱ ገጽ አልፏል። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል። ኦክቶበር ሙሉውን መድባለት ነበር።

ኖቬምበር 23

ነገ ትሄዳለች። ለዘጠኝ ቀን ሾርባ ሠርታ በየዕቃው አስቀምጣለች። እየተመለሰች እንዴት እንደሚሞቅ ታስረዳኛለች፤ ሰማንያ አራት ዓመት ሾርባ ሳሞቅ እንዳልኖርኩ። እርግጥ አልኖርኩም።

ዳግም እስክትመጣ ደብተሩ ይዘጋ። በሌላ ሰው እጅ አላስጽፍም።

ዲሴምበር 3

መጣች። ከስታለች። ሕፃናቱ ቀላል ነበር አለች። ቀዶ ሕክምናው ደህና። የውስጥ ደዌና ማህፀኑ ይሆናሉ። ስለ መድኃኒቱ "አላውቅም" አለች፤ ከዚያ ብዙ ማገዶ ምድጃው ውስጥ ጨመረች። ቤቱ ጋለ።

ዲሴምበር 19

ውጤት ወጣ። በስም አይደለም፣ በቁጥር ነው የሚለጠፈው። ስልኳ ላይ አየችው፣ ሁለት ጊዜ አየችው።

አራቱን አልፋለች። መድኃኒቱን ወድቃለች። አራቱ ይያዙላታል፤ አንዱን በሜይ ትደግማለች። ያለ አምስተኛው ግን ፈቃድ የለም፤ እጇ እንደገና ከኋላዋ ነው።

"በሁለት ነጥብ ነው" አለች። አልወቀሰችኝም። እኔ ግን ግንበኛ ነኝ፤ ከጎደለው ቦታ የትኛው ድንጋይ እንደወጣ አይጠፋኝም። ሃያ ቀን ከሥዕሉ ጀርባ፣ አሥር ቀን በቲሙሪና በሩላ። ወሩ በሙሉ የመድኃኒቱ ነበር።

አሁን የምናገረውን እንዳለ ጻፊ። "እስከ ሜይ" ስትል መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። መንገዱ ሊዘጋ ነው፣ ክረምቱ ገብቷል፣ አንቺም አለሽ። ደስ አለኝ። የፈለግሁትን አገኘሁ።

"'ደስ አለኝ' የሚለውን ልሰርዘው?"

"አትሰርዢ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። "ልጄ ስልኩን ዘጋችብኝ" አለች። "እስከዛሬ ዘግታብኝ አታውቅም።"

ይሄንንም ጽፋዋለች። እኔ ጻፊ አላልኳትም።

ዲሴምበር 27

ገና አለፈ። ልጇ ደወለች። ተነጋገሩ፤ ጥቂት።

ከሰዓት በኋላ ስትጽፍልኝ አየኋት። ጽሑፏ አሁን እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። እኔ ስናገር እሷ ትቀድመኛለች፤ የምለውን ሳልጨርስ እጇ ይጨርሰዋል። ይህ ሰዓት ለፈተናዋ የሚያስፈልጋት አይደለም። ከመቼ ጀምሮ እንደማያስፈልጋት እንጃ፤ ቆይቷል መሰለኝ።

ምነው አልነገርሽኝም?

ጥያቄዬንም ጻፈችው፤ እስክሪብቶውን ይዛ የሚቀጥለውን ጠበቀች።

ጃንዋሪ 9

ይህ የቫይዮስ እጅ ነው። ፊደሉ ቢንሻፈፍ የእሱ ጥፋት ነው። "አይንሻፈፍም" ይላል። ጻፍ ያልኩህን ብቻ ጻፍ፣ ቫይዮስ።

ከጃንዋሪ 6ቱ በዓለ ጥምቀት ማግስት ጀምሮ ቤቱን ጠዋት ጠዋት ለኤተሪ ትቻለሁ። ወጥ ቤቱ፣ ጠረጴዛው፣ ምድጃው የእሷ ነው፣ እስከ ሰባት ሰዓት። ሳሌም ትኩረት ያጠፋል፤ ስለዚህ እዚህ ቡና ቤቱ መጥቼ እስላለሁ። ደብተሩንም ይዤው መጣሁ። የማታውን ሰዓትም ለመድኃኒቱ አድርጊው አልኳት። መጀመሪያ እንቢ አለች። "የቀጠርኩሽ እኔ ነኝ" አልኳት። "የቀጠረኝ ሚልቶስ ነው" አለች። "ሚልቶስ ድንጋይ መሸከም አይችልም፣ እሱን አትቁጠሪ" አልኳት።

ቫይዮስ ይጠይቃል፤ "እስከ መቼ ነው እዚህ የምታስልብኝ?"

እስከ ሜይ።

"ከዚያስ?"

ከዚያ ሄዳ ልጇን ታመጣለች። ጻፍ።

ዛሬ በረዶ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ መነጽሬን ረስቼ ቤት ሄድኩ። እሺ፣ መነጽር የለኝም፤ ልያት ብዬ ሄድኩ። በረዶው እስከ ጉልበቴ ነበር። በመስኮቱ አየኋት። አንድ እጇ ግንባሯ ላይ ነው፣ አንዱ ይጽፋል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የመድኃኒቶቹን ስም ይመስለኛል። ራሷን ቀና አላደረገችም።

የራሴ በር ነው። አላንኳኳሁም። ተመለስኩ።